የቤት ኤሌክትሪክ ሙያ ለታዳጊዎች፦ ኮሌጅ፣ የክረምት ስልጠና ወይስ ከባለሙያ ሥር?

15 ወይም 16 ዓመት የሞላው ልጅ ሙያ ልማር ሲል ቶሎ ከሚታሰቡት መካከል የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ አለ። ለመነሻ የሚያስፈልገው መሣሪያ በአንድ ቦርሳ ይገባል፤ ግንባታና እድሳት ባለበት ሁሉ ሥራው ይፈለጋል። መማሪያው መንገድ ሦስት ነው፦ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ መሠልጠን፣ በግል ማሠልጠኛ የአጭር ጊዜ ኮርስ መውሰድ፣ ወይም ከሚሠራ ባለሙያ ሥር መግባት። ሦስቱንም የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፤ ልጁ ሲጨርስ የአንድ ክፍል መስመር ዘርግቶ፣ ፈትሾ፣ ያለ አደጋ ኃይል ማስገባት ይችላል?

በዚህ ሚዛን ኮሌጁ ይቀድማል። የአጭር ጊዜው ኮርስ ጥሩ መሞከሪያ ነው፤ ብቻውን ግን ባለሙያ አያደርግም። ከባለሙያ ሥር በቀጥታ መግባት ያለ ውል ከሆነ ለታዳጊ አንመክረውም።

ብዙ ቤተሰብ ገንዘቡን የሚከፍለው ለአጭር ጊዜው ኮርስ ስለሆነ እሱ ላይ እንቆይ። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ብዙ ተማሪ ይገባበታል። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው የወሩ ብዛት ነው። ሊጠየቅ የሚገባው ግን ልጁ በሳምንት ስንት ሰዓት መሣሪያ ይዞ ይሠራል የሚለው ነው። ሁለት ወር በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን በጠቅላላው 50 ሰዓት ገደማ ነው፤ ግማሹ ሰሌዳ ላይ ካለቀ ለእጅ የሚቀረው ወደ 25 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ አምፖልና ሶኬት መግጠም ይለመዳል፣ ብልሽት ፈልጎ ማግኘት ግን አይለመድም።

ማሠልጠኛውን የሚያጋልጠው ወርክሾፑ ነው። በምዝገባ ቀን ሳይሆን ስልጠና በሚሰጥበት ቀን ይሂዱ። መጀመሪያ የሚታየው የመለማመጃ ሰሌዳው ነው፤ አንድ ሰሌዳ ለሁለት ሠልጣኝ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ለስምንት ከሆነ ግን ስድስቱ ተመልካች ናቸው። ሽቦው ሁሉ በጣውላ ላይ በሚስማር የተያዘ ከሆነም ይጠይቁ፤ ትክክለኛው ሥራ ግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ ነው የሚያልፈው። ቱቦ አጥፎ፣ መጎተቻ ሽቦ አሳልፎ፣ ሦስትና አራት ሽቦ ሳይላጥ መሳብ በራሱ የሚለመድ ሙያ ነው። ጥግ ላይ በጣም የታጠፈ ወይም ከልክ በላይ የተሞላ ቱቦ የሽቦውን ልባስ ይልጠዋል፤ ችግሩ የሚታየው ደግሞ ግድግዳው ተለስኖ ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የሽቦውን ነገር ያጣሩ። ሽቦ፣ ቴፕና ሶኬት በክፍያው ውስጥ ተካትተዋል ወይስ ሠልጣኙ ነው የሚገዛው? ቁጥብ የሆነ ማሠልጠኛ አንዱን ቁራጭ ሽቦ ደጋግሞ ያሠራል፤ ጫፉ በየጊዜው እየተቆረጠ ስለሚያጥር ልጁ ለግንኙነት በቂ ትርፍ መተውን አይለምድም። በኋላ ሥራ ላይ ሲሰማራ ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሳንቲ ሜትር ብቻ ትቶ ይቆርጣል፣ ሶኬቱም አይታሰርለትም።

የአሠልጣኙን ደረጃ ለማወቅ የምጣድ ጥያቄ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። 3,500 ዋትን ለ220 ቮልት ስናካፍል ወደ 16 አምፒር ይመጣል። ስለዚህ የሶኬት መስመር በሆነው ባለ 2.5 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦና ባለ 16 አምፒር ብሬከር (ጭነት ሲበዛ ኃይሉን የሚቆርጠው ማቋረጫ) ላይ ምጣድ ከተሰካ ብሬከሩ አፋፍ ላይ ነው የሚሠራው፤ ካውያ ሲጨመር ይወርዳል። የተሳሳተው መፍትሔ ብሬከሩን በ25 ወይም በ32 መቀየር ነው። ያኔ ብሬከሩ ዝም ይላል፣ የሚግለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው። ትክክለኛው መልስ ለምጣድ ብቻ የተለየ መስመር ከብሬከር ሳጥኑ መሳብ ነው፦ 4 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ሽቦ፣ 20 ወይም 25 አምፒር ብሬከር፣ ከግራውንድ (ያመለጠውን ኃይል ወደ መሬት ከሚወስደው ሽቦ) ጋር። ለመብራት 1.5 ሽቦና 10 አምፒር ይበቃል። አሠልጣኙ ይህን ከነምክንያቱ ካስረዳ ጥሩ ምልክት ነው። «ትልቅ ብሬከር ግጠሙበት» ካለ ሌላ ቦታ ይፈልጉ።

መጨረሻ ላይ የፍተሻ መሣሪያውን ለማየት ይጠይቁ። ቮልትና የመሳሰለውን የሚለካው መልቲሜትር በየቦታው አለ፤ የሽቦ ልባስን በ500 ቮልት የሚፈትሸው መሣሪያ ግን ብዙ ቦታ የለም። ያለ እሱ ልጁ መስመሩ መብራት ማብራቱን እንጂ ደኅና መሆኑን አይማርም። ኃይል ከመግባቱ በፊት በፌዝ (ኃይል አምጪው ሽቦ) እና በግራውንድ፣ በኒውትራል (መላሹ ሽቦ) እና በግራውንድ መካከል የሚነበበው ቢያንስ 1 ሜጋኦም መሆን አለበት። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ወይም እርጥበት አለ ማለት ነው።

እነዚህን ካሟላ የክረምቱ ኮርስ ገንዘቡን ያወጣል። ልጁ ከፍታ ይፈራ እንደሆነ፣ አቧራውንና መሰላሉን ይችል እንደሆነ፣ ትንሽ ነገር በጥንቃቄ መሥራት ይወድ እንደሆነ በሁለት ወር ይታወቃል። የተሳትፎ ምስክር ወረቀቱን ግን ከሙያ ብቃት ማረጋገጫ ጋር አያምታቱት፤ የብቃት ምዘናው፣ በተለምዶ ሲኦሲ የምንለው፣ በተለየ ምዘና ማዕከል የሚሰጥ የጽሑፍና የተግባር ፈተና ነው።

ወደ ኮሌጁ እንምጣ። በአዲስ አበባ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦና ምሥራቅ የታወቁ የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው፤ ክልሎችም የየራሳቸው አሏቸው። ስልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው። መግቢያው በየዓመቱ ስለሚወጣ ማስታወቂያውን ከክልሉ ወይም ከከተማው ቢሮ መከታተል ነው። ከሌላው የሚለየው የትብብር ስልጠናው ነው፤ በመርሁ 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ ሆኖ፣ ሠልጣኙ ከኮሌጁ ውጭ ድርጅት ውስጥ ገብቶ ይሠራል። ድክመቱም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ሠልጣኙ የሚላክበት ድርጅት የሚያሠራው ከሌለው ወራቱ ዕቃ በማቀበል ያልቃሉ። ስለዚህ ከኮሌጁ የትብብር ስልጠና አስተባባሪ አስቀድመው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ድርጅቱን የሚያገኘው ማነው፣ አሠልጣኙ በየስንት ጊዜው ሄዶ ያያል፣ ሠልጣኙ የሠራው በሚሰፍርበት መዝገብ ላይ በየቀኑ የሚፈርመው ማነው? መዝገቡ ላይ «ኤሌክትሪክ ሥራ» ተብሎ በጅምላ ከተጻፈ ምንም አያስረዳም። «የሁለት ክፍል መብራት መስመር ዝርጋታ፣ ቱ ዌይ ስዊች (አንድን መብራት ከሁለት ቦታ የሚያበራና የሚያጠፋ) መግጠም» ተብሎ ይጻፍ፤ ልጁ ለምዘና ሲዘጋጅም የቱን እንዳልነካ ከዚያ ያያል።

በተግባር ልምምድ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስህተት አለ፤ በስዊቹ የሚቆረጠው ፌዝ መሆን ሲገባው ኒውትራሉን መቁረጥ። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ሁሉም ደኅና ይመስላል። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶም የአምፖሉ መያዣ ፌዝ አለው፤ አምፖል ሊቀይር እጁን የሰደደው ሰው ይመታል። አረንጓዴና ቢጫ መስመር ያለውን የግራውንድ ሽቦ ስላጠረን ብሎ ለፌዝ መጠቀምም በጣም አደገኛ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ባለሙያ ግራውንድ ነው ብሎ በባዶ እጁ ይይዘዋል።

ከባለሙያ ሥር መግባት ገንዘብ ቶሎ ያስገኛል፣ ደካማ ጎኑ ግን ግልጽ ነው። አዲስ ልጅ የሚሰጠው ሥራ ግድግዳ መፈልፈል ነው፤ ይህ ለወራት ሊቀጥል ይችላል፣ መስመሩን የሚያገናኘው ግን ዋናው ባለሙያ ብቻ ይሆናል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር አይቻልም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ወጣት ሠራተኛ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ የትርፍ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ያለው የሌሊት ሥራ፣ የሳምንት ዕረፍትና የሕዝብ በዓል ቀን ሥራም ክልክል ነው። ሱቅና ምግብ ቤት የሚታደሰው ብዙ ጊዜ ከተዘጋ በኋላ ሌሊት ስለሆነ ይህን አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። ከኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ከትራንስፎርመርና ከማስተላለፊያ መስመር ጋር የተያያዘ ሥራም ለወጣት ሠራተኛ የተከለከለ ነው፤ ልዩ ሁኔታ ያለው ሥልጣን ባለው አካል በተፈቀደና በሚመረመር የሙያ ትምህርት ቤት ለሚማሩ ነው። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር የኤሌክትሪክ አገልግሎት እንጂ የማንም ተለማማጅ ሥራ አይደለም።

ባለሙያው ዘመድ ወይም የሰፈር ሰው ቢሆንም የሙያ መልመጃ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የስልጠናው ዓይነት፣ ጊዜው፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሥራው ሁኔታ ይስፈርበት። ውሉ ሲያበቃም ልጁ የተማረውን ሙያና የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ምስክር ወረቀት የማግኘት መብት አለው። በውሉ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጨመር እንመክራለን፦ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ተለማማጁ በባለሙያው ክትትል ግንኙነት ይሠራል። ይህን ለመጻፍ እምቢ የሚል ባለሙያ የሚፈልገው የጉልበት ሠራተኛ ነው።

መሣሪያ ለመግዛት አይቸኩሉ። ለመነሻ ፒንሳ፣ መቁረጫ፣ ሁለት ካቻቪቴ፣ ሜትር፣ መልቲሜትርና የዓይን መከላከያ መነጽር ይበቃሉ። የፒንሳውና የካቻቪቴው እጀታ ላይ 1,000 ቮልት የሚል ምልክት ይፈልጉ፤ በቴፕ የተጠቀለለ እጀታ መከላከያ አይደለም። ርካሹን መብራት ያለው የእስክሪብቶ ቴስተር ብቻውን አይመኑት፤ ፀሐይ ላይ መብራቱ አይታይም፣ ውስጡ ሲበላሽም መስመሩ ፌዝ እያለው የሌለው ያስመስላል። ልጁ ሽቦ ከመንካቱ በፊት ብሬከሩን ያወርዳል፣ መልቲሜትሩን ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ሶኬት ላይ ይሞክራል፣ ከዚያ የሚሠራበትን መስመር ይለካል፣ ተመልሶም መልቲሜትሩን በዚያው ሶኬት ላይ ይሞክራል። ማሠልጠኛውን ሲጎበኙ ሠልጣኞቹ ይህን ሳይነገራቸው ያደርጉ እንደሆነ ቆመው ይመልከቱ።