የወንድሜን ወረቀት የተረጎመልን የከዚራው ትርጉም ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ የእንግሊዝኛ ሰነድ የሚያስተረጉም ሰው ካለ ከዚራ ያለውን ትርጉም ቤት ልጠቁመው። ከባቡር ጣቢያው በእግር ይደረሳል። ጠባብ ክፍል ነው። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ቬንትሌተር፣ የደከመች አግዳሚ ወንበር። ለመልኩ አትሂዱ።

ታናሽ ወንድሜ ቴክሳስ ነበር የሚኖረው። ዓምና አረፈ። እዚህ ከአባታችን በወረስነው ቤት ላይ ድርሻ ስለነበረው የአሜሪካውን የውርስ ወረቀት በአማርኛ አቅርቡ ተባልን። መጀመሪያ ሌላ ቦታ አስተረጎምን። ስሙን አልጠራም። ከንብረቱ መካከል አንድ ተራ ጠመንጃና አንድ የድምፅ ማፈኛ ነበር። ሳይለንሰር የሚሉት፣ አፈሙዝ ላይ የሚገጠመው። በማፈኛው ወረቀት ላይ «ግብር ያልተከፈለበት» ብለው ተረጎሙት።

ማታ ለእማዬ አነበብኩላት። ዝም አለች። ቆይታ «ልጄ የመንግሥት ዕዳ ይዞ ነው የሞተው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ሦስት ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መቁጠሪያዋን ይዛ ስታነጋ እሰማት ነበር።

የከዚራው ተርጓሚ ጎልማሳ ሰው ናቸው። ቶሎ ወደ ኪቦርዱ አልሄዱም። እንግሊዝኛውንና የፊተኛውን ትርጉም ጎን ለጎን ዘርግተው በእስክሪብቶ መስመር በመስመር ወረዱ። አንድ ቦታ ላይ እስክሪብቶዋ ቆመች። «ልጄ፣ እዚህ ጋ ተበላሽቷል። ከግብር ነጻ ነው የሚለው። ያልተከፈለበት አይልም» አሉኝ።

ከዚያ አስረዱኝ። አሜሪካ በፈረንጆች 1934 ያወጣችው የፌዴራል ሕግ አለ። መትረየስ፣ አፈሙዙ ከ16 ኢንች ያጠረ ጠመንጃ፣ ከ18 ኢንች ያጠረ ሾትገን፣ የድምፅ ማፈኛ የመሳሰሉት በፌዴራል መንግሥት መዝገብ መግባት አለባቸው። ገዢው ፎቶና አሻራ ይሰጣል። ግብሩ 200 ዶላር ነበር፤ ከ1934 ጀምሮ ያልተነካ ዋጋ። ሲከፈል እኛ ውል ላይ እንደምናውቀው ዓይነት ቴምብር አለው። ተራው ጠመንጃ እዚህ ውስጥ ስለማይገባ ነው እንዲህ ያለ ወረቀት ያልነበረው። ባለቤቱ ሲሞት ደግሞ ሕጋዊ ወራሹ ፎርም 5 በሚሉት ያለ ግብር ወደ ስሙ ያዞራል። እኛን ያስደነገጠን እሱ ነው። ማፈኛውን ለወንድሜ ልጅ የሚያዞረው ማመልከቻ። ከ2026 መግቢያ ጀምሮ የማፈኛው ግብር ወደ ዜሮ ወርዷል፤ የመትረየሱ 200 እንዳለ ነው፤ ምዝገባው ግን ለሁለቱም አልቀረም አሉኝ። ይህን ሁሉ ሲያስረዱኝ አንድ ብር አልጨመሩብኝም።

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። ከጥራዙ ኋላ አንድ ገጽ ነበር። የፊተኞቹ ጭራሽ አልተረጎሙትም። ወንድሜ በ2022 ማፈኛውን ሲገዛ የሞላው ቅጽ ነው። ጉርድ ፎቶው አለበት፤ የ200 ዶላሩ ቴምብርም አለበት። «ይኼ እኮ ደረሰኙ ነው» አሉኝ።

እንከን የለባቸውም አልልም። ነገ ያሉኝ በአራተኛው ቀን ነው ያለቀው። መብራት ጠፍቶ ነበር፣ እሱን እረዳለሁ፤ ደውለው ሊነግሩኝ ግን ይችሉ ነበር። የአባታችንን ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አላመሳሰሉትም። ሳሳያቸው ወዲያው አስተካክለው በነጻ አተሙልኝ። እናንተም ከመውሰዳችሁ በፊት ስሞቹን ፊደል በፊደል እዩ። ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ።

ያን ማታ አዲሱን ትርጉም ይዤ እማዬ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ፎቶውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ከፍሏል» የሚለው ጋ ስደርስ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። ሦስተኛም አስነበበችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ተኛች።