ፍራንከንስታይን ወይስ ጄኪል?

የደብረ ብርሃን ብርድ ሰውን በጊዜ ቤቱ ይከተዋል። የመንዝ ባና ደርቦ አስፈሪ ፊልም ለማየት ለፈለገ፣ ሁለት ያበዱ ተመራማሪዎች አሉ፤ ፍራንከንስታይንና ዶክተር ጄኪል። በስማቸው የተጠሩት ሁለቱም ፊልሞች በ1931 እ.ኤ.አ. የተሠሩ ናቸው።

ፍራንከንስታይን ሬሳ ገጣጥሞ በመብረቅ ነፍስ ይዘራበታል። ቤተ ሙከራው ጉድ ነው፤ ብልጭታው፣ ወደ ጣሪያ የሚሳበው አልጋ! ሰውዬው ግን ብዙም አይዋጥልኝም። ፊልሙ በተነሣበት በሜሪ ሼሊ የ1818 እ.ኤ.አ. ልቦለድማ ዶክተርም አይደለም፣ ተማሪ ነው።

ዶክተር ጄኪል ሬሳ አያስፈልገውም። መድኃኒቱን ራሱ ቀምሞ ራሱ ይጠጣና ሃይድ የሚባል አውሬ ይሆናል። (እኛ ሰፈርም አረቄ ቀምሶ ሌላ ሰው የሚሆን አይጠፋም።) ፊቱ ሲለወጥ ልብ ብላችሁ እዩ። ካሜራው ሳይቋረጥ፣ ዓይናችን እያየ ይጠቁራል። ዘዴው ቀላል ነው። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ፣ ባለቀለሙ ሜካፕ በአንዱ የብርሃን ማጣሪያ ይደበቃል፤ ማጣሪያው ሲቀየር ብቅ ይላል። ተዋናዩ ፍሬድሪክ ማርች በዚሁ ሚና ኦስካር ወስዷል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ጄኪል ይበልጣል። ልጆች አብረው ካሉ ግን ሁለቱም ይቅሩባችሁ፤ አንደኛው ላይ ጭራቁ ሕፃን ሐይቅ ውስጥ ይወረውራል፣ ሌላው ላይ ሃይድ ሴት ያሰቃያል።