በርበሬዬን በብርጭቆ ውሃ ላሳየችኝ ባለሙያ

ሰው ሲበድለን ፌስቡክ ላይ ለመጮህ ማን ይቀድመናል? ደግ ሲሠራልን ግን ዝም እንላለን። እኔ ዛሬ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ምሳ ቤት አለችኝ። ባለፈው ክረምት ደንበኞቼ «ሆዴን አመመኝ» ማለት ጀመሩ። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ ሦስት። እንቅልፍ አጣሁ። ድስት ቀየርኩ፣ ሥጋ ቤት ቀየርኩ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የምግብ ቤት ቁጥጥር ሲባል ደግሞ ልቤ ይርዳል። ድሮ በነበርኩበት ሰፈር፣ የት እንደሆነ ይቅርና፣ አንድ ሰውዬ ቤቱ በሞላበት ሰዓት ገብቶ «ይሄ ምግብ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ጥፋቴን ስጠይቀው «በአዋጁ መሠረት» አለኝ። የትኛው አዋጅ? መልስ የለም። ቤቱ 11 ቀን ታሸገ። ኋላ ላይ ነገሩ የሻይ መሆኑን ሹክ አሉኝ። አልሰጠሁም። በዚያ ወር የልጄን የትምህርት ቤት ክፍያ ተበድሬ ነው የከፈልኩት። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ጎረቤቴ «8482 ደውዪ፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ መስመር ነው» ስትለኝ፣ በራሴ ላይ ልደውል? አልኩ። ግን ደወልኩ። እነሱም ወደ ክፍለ ከተማችን ቁጥጥር መሩኝ።

ባለሙያዋ የመጣችው 6 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ቤቱ ጢም ብሏል። ሳልጠይቃት መታወቂያዋን አሳየችኝና ቀስ ብላ «እትዬ፣ እንግዶችዎ ይብሉ። 9 ሰዓት እመለሳለሁ» አለችኝ። እንባዬ መጣ።

9 ሰዓት ላይ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ ገባች። ፍሪጁን፣ መክተፊያውን፣ ጨርቁን ሳይቀር አየች። ከጠዋት ጀምሮ ምድጃ ዳር የተቀመጠውን ምስር ወጥ አሳየችኝ። የበሰለ ምግብ ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይም አለች። የሆዱ ነገር ከዚያ ሊሆን ይችላል። ዕቃ አጣቢዬ ጣቷን ቆርጧት ስትደብቅ አይታ ከቦርሳዋ ፕላስተር አውጥታ ራሷ አሰረችላት። ልጅቷን አልተቆጣቻትም።

ከዚያ በርበሬውን አሸተተች። አንድ ብርጭቆ ውሃ አስመጣችና ቆንጥራ ጣል አደረገችበት። ዝም ብለን ቆምን። ጥቂት ቆይቶ ከሥር ቀይ አፈር የመሰለ ነገር ዘቀጠ። በጣቷ አሸችና በእጄ አስነካችኝ። እንደ ሸክላ ይሻክራል። «ይሄ ጥርጣሬ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም» ብላ ናሙና ወሰደች፣ አሸገች፣ አስፈረመችኝ፣ ቅጂውንም ሰጠችኝ። የምግብና መድኃኒት አዋጁም ቁጥሩ 1112/2011 መሆኑን ነግራኝ እኔን የሚመለከተውን ቁጭ ብላ አነበበችልኝ። ላቦራቶሪው ምን እንዳደረገ አይገባኝም። ውጤቱ ግን ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል የሚል ነበር። በርበሬውን ዓመት ሙሉ የገዛሁት ከአንድ ቦታ ነው።

እናቴ በሕይወት ብትኖር ምን ትለኝ ነበር? የተፈጨ በርበሬ ከገበያ መግዛት ለእሷ ነውር ነበር። ዛላውን ራሷ ቀንጥሳ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ታስፈጫለች። እኔ ጊዜ የለኝም ብዬ ተውኩት። አሁን የማረቆ ዛላ ገዝቼ ራሴ አዘጋጃለሁ። ምስሩንም በየሰዓቱ በትንሽ በትንሹ እንሠራለን። ከዚያ ወዲህ ሆዴን ያለ ሰው የለም።

የዚያን ቀን ቡና ባቀርብላት እንቢ አለች። በወሩ፣ ቅዳሜ፣ ጋዋን ሳትለብስ ልጇን ይዛ መጣች። ሽሮ አዘዘች። ልጇን በእጇ አጎረሰችው። ሒሳብ አልቀበልም ብል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ሄደች።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ ትቼዋለሁ። የኔ እህት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ልጅሽን ያሳድግልሽ። ምሳ ቤት፣ ባልትና፣ እንጀራ ማከፋፈያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እስኪመጡባችሁ አትጠብቁ። ደውሉ፣ ጥሯቸው። እንደሷ ያለች አለች። በርበሬያችሁንም ዛሬውኑ በብርጭቆ ውሃ እዩት።