የጉጉቱን ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ሆናችሁ ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን፣ ዳይስ እየጣሉ አንድ ገጸ ባሕርይ ሆነው የሚጫወቱትን የምናብ ጨዋታ፣ የምትጫወቱ ሁሉ፣ «የእንስሳት አጋሮች» ተብሎ ሰሞኑን ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጠውን የካርድ እሽግ አትግዙ። እኔ 1,800 ብር አውጥቼበታለሁ። ግማሹን አስቀድሜ በባንክ አስገባሁ፤ የቀረውን ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ላይ ቆጥሬ ሰጠሁ። የመኪናውን ሒሳብ ተውት።

እሽጉ 15 ካርዶችና አንድ ባለ 20 ገጽ ዳይስ አለው። ዳይሱ ላይ 20 ቁጥር ሁለት ቦታ ተጽፏል፤ እሱን ለቀልድ አስቀምጬዋለሁ። ካርዶቹ ላይ አስማተኛ የሚያስከትላቸው ጉጉት፣ ድመት፣ ቁራና የመሳሰሉት አሉ። ሥዕላቸው ያምራል፣ አልዋሽም። እናቴ ግን ጉጉቱን እንዳየች «ይህን ከቤቴ አውጣልኝ» አለች። ሟርት መስሎኝ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ማታ ጉጉቴን አሰማራሁ። ካርዱ 40 የሕይወት ነጥብ አለው፣ በጥፍሩም ይዋጋል ይላል። ጨዋታውን የሚመራው አጫዋቻችን መመሪያውን ገልጦ አሳየኝ፦ በጨዋታው አምስተኛ እትም የጉጉት የሕይወት ነጥብ 1 ብቻ ነው፤ በአስማት የተጠራ አጋርም ጥቃት መሰንዘር አይችልም። ጥቅሙ ሌላ ነው። እስከ 100 ጫማ ርቀት ድረስ በዓይኑ ታያላችሁ፣ በጆሮው ትሰማላችሁ፣ በመንካት የሚሠራ አስማት ያደርስላችኋል። ጉጉት የሚወደደው ደግሞ ከጠላት አጠገብ በርሮ ሲርቅ የመልስ ምት ስለማያገኘው ነው።

አንድ ቀስት ገደለው። ያን ጊዜ ነው የካርዱን ጀርባ ያነበብኩት፦ «አጋሩ ከሞተ ካርዱ አያገለግልም፤ ምትኩ 150 ብር።» ደወልኩ። ሻጩ በፍጹም ቁምነገር «አዎ፣ ሞቷል» አለኝ።

በእውነተኛው ሕግ የሞተው አጋር ይጠፋል እንጂ አያልቅም። አስማተኛው 10 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ ከሰል፣ ዕጣንና ቅጠላ ቅጠል በናስ ማጨሻ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ያጨሳል፣ መንፈሱም ተመልሶ ይመጣል፤ ከፈለገም በሌላ እንስሳ መልክ። ከሰልና ዕጣን! ደሴ ውስጥ ለዚህ 150 ብር መክፈሌ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ አዎ፣ ከፍዬ ነበር።

ሬንጀር (የዱር አዳኝ ገጸ ባሕርይ) ሆኖ የሚጫወተው ጓደኛችን የባሰ ነገር ደረሰበት። «ግዙፍ ጅብ» የሚል ካርድ ለብቻው በ400 ብር ገዛ። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ግን የሬንጀር እንስሳ ከመካከለኛ መጠን መብለጥ፣ የአደገኝነት ደረጃውም ከአንድ አራተኛ ማለፍ የለበትም። ግዙፉ ጅብ ትልቅ ነው፣ ደረጃውም 1 ነው። ጅብ ያማረው የደሴ ሰው ማታ መስኮቱን ቢከፍት ይሻለዋል።

አሳታሚው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የአምስተኛውን እትም መሠረታዊ ሕግ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ማንም በነጻ እንዲጠቀምበት ለቅቆታል። አጋር የመጥራቱ አስማትም፣ የእንስሳቱ ነጥብም እዚያው አለ። የምትፈልጉትን ገጽ አውርዳችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት ብታሳትሙ ዋጋው ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም።

ሻጩን ገንዘቤን እንዲመልስልኝ ጠይቄው «የተከፈተ እሽግ አይመለስም» ብሎኛል። በዚያው ንግግር የዘንዶ ጫጩቶች እሽግ በቅርቡ እንደሚያመጣና ከአሁኑ ቅድመ ክፍያ እየተቀበለ እንደሆነ ነገረኝ።