ክላስ ላይ ለተጣበቃችሁ ጀማሪዎች፦ አንድ አስተማሪ ልጠቁማችሁ

ሰላም ወገን። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ጀምራችሁ ክላስ የሚባለው ትምህርት ላይ ስትደርሱ የቆማችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይቺ ጽሁፍ ለእናንተ ናት፤ ደግሞም ብዙ ቀን ላመሰግነው ላሰብኩት ሰው።

ኢፍ፣ ሉፕ፣ ፈንክሽን (ስም ሰጥተን የምንጠራው የኮድ ክፍል) እስከሚባለው ድረስ ሁላችንም ደህና እንሄዳለን። ከዚያ ክላስ ይመጣል። ኦብጀክት ምንድን ነው? የክላስ ኢንስታንስ። ኢንስታንስስ? ከክላስ የተሠራ ኦብጀክት። በቃ፣ ይኸው ነው! ከዚህ በፊት ከፍዬ የተማርኩበት አንድ ማሰልጠኛ የሰጠኝ ማብራሪያ ከዚህ አላለፈም። ቀጥሎ ውሻ ይጮኻል፣ ድመት ትጮኻለች፣ ሁለቱም እንስሳ ናቸው ተባልን። ውሻ የሚያስጮህ ፕሮግራም ማን ይፈልጋል?

ቲቸር (ስሜን አትጻፊው ስላለኝ ሁላችንም በምንጠራው እጠራዋለሁ) በሥራ ቀን ፕሮግራመር ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ አራት ኪሎ አካባቢ በተከራያት ጠባብ ክፍል ጀማሪዎችን ያስተምራል። ስለ ክላስ ቶሎ አያወራም። መጀመሪያ የዕቁብ መዝገብ በተራ ዲክሽነሪ (ስምን ከመረጃው ጋር አጣምሮ የሚይዝ ነገር) እና በፈንክሽን ያሠራችኋል። ዕቁቡ አንድ ሲሆን ምንም ችግር የለም፣ ሁሉም ሰው ጎበዝ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ የሚጣል የነጋዴዎች ዕቁብ ጨምሩ ይላል፣ ቀጥሎ በየወሩ የሚጣል የመሥሪያ ቤት፣ እና እዚህ ላይ ኮዱ መንጫጫት ይጀምራል፤ እያንዳንዱ ፈንክሽን የትኛውን ዕቁብ እንደሚነካ ካልተነገረው አይሠራም፣ የአንዱ መዋጮ ሌላው ላይ ይደመራል፣ ዕጣው የወጣለት ሰው ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ያኔ ከመካከላችን አንዱ «መረጃውንና ሥራውን አንድ ላይ የምናስርበት ነገር የለም እንዴ?» ይላል። ቲቸር ፈገግ ብሎ ማርከሩን የሚያነሳው ይሄን ሲሰማ ነው። ክላስ ማለት ያ ማሰሪያ ነው፤ ከእሱ የምንሠራው እያንዳንዱ ዕቁብ ደግሞ ኦብጀክት።

የ«ሴልፍን» ነገር (ሜተድ፣ ማለትም ክላስ ውስጥ ያለ ፈንክሽን፣ የሚሠራበትን ኦብጀክት የሚቀበልበት ስም ነው) ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። አባል የሚመዘግብ ሜተድ ስትጽፉ ሴልፍን ከረሳችሁት፣ አንድ ስም ብቻ ልካችሁ ፓይተን «የምቀበለው አንድ ነው፣ የተሰጠኝ ግን ሁለት ነው» የሚል ኤረር ይመልስላችኋል። ሁለተኛው ከየት መጣ? ቲቸር ያን ኤረር አያልፈውም። ቦርዱ ላይ ሁለት መስመር ይጽፋል፦ አንዱ በኦብጀክቱ በኩል ነጥብ አድርጎ የተጠራ ሜተድ፣ ሌላው ያው ሜተድ በክላሱ ስም ተጠርቶ ዕቁቡ ራሱ በቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ላይ የገባበት። ሁለቱም አንድ ሥራ ይሠራሉ። ከነጥቡ በፊት ያለው ዕቁብ እኮ ነው ሴልፍ ሆኖ የሚገባው! ይህን በዓይኔ ካየሁ በኋላ ሴልፍ ግራ አጋብቶኝ አያውቅም።

ሌላው የምወድለት ነገር ሆን ብሎ የተበላሸ ኮድ መስጠቱ ነው። አንዱን እዚሁ ልንገራችሁ። የዕቁብ ክላስ አለ፣ የአባላቱ ባዶ ሊስት (ዝርዝር) ከሜተዶቹ ውጭ፣ ክላሱ ስር በቀጥታ ተጽፏል። ሁለት ዕቁብ ፈጠርን፣ የሰፈርና የነጋዴዎች። የሰፈሩ ላይ አንድ ሰው መዘገብን። የነጋዴዎቹን ዝርዝር ስናሳይ ያው ሰው እዚያም ቁጭ ብሏል! ኤረር የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም፣ ፕሮግራሙ ደህና ነኝ ይላል። ሊስቱ የክላሱ ስለሆነ ሁለቱም ዕቁቦች የሚጽፉት አንድ መዝገብ ላይ ነው። መፍትሔው ሊስቱን ኢኒት (ኦብጀክት ሲፈጠር ራሱ የሚጠራው ሜተድ) ውስጥ አስገብቶ ከሴልፍ ጋር ማሰር ነው፤ ያኔ እያንዳንዱ ዕቁብ ሲፈጠር የራሱን ሊስት ይይዛል። ጃቫ የሚባለውን ቋንቋ የምትማሩም አትሳቁ፣ ሊስቱን ስታቲክ (የክላሱ የጋራ) ካደረጋችሁት ያው ጉድ ነው። መልሱን ወዲያው አይነግረንም፤ እርስ በርስ ስንከራከር እሱ ሻዩን ይጠጣል።

ኢንሄሪታንስ (አንድ ክላስ የሌላውን ክላስ ነገር የሚወርስበት መንገድ) ላይም እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው እንደተማረ ሰሞን ሁሉን ነገር ከሁሉ ማዋረስ ይፈልጋል። የዕቁብ ዳኛ አባል ነው አይደል? እንግዲያው የዳኛ ክላስ ከአባል ክላስ ይውረስ አልን። «በሚቀጥለው ዙር ሌላ ዳኛ ቢመረጥስ?» አለን። ሰውዬው ያው ሰው ነው፣ የተቀየረው ኃላፊነቱ ብቻ ነው፤ እኛ ግን አሮጌውን ኦብጀክት ጥለን አዲስ ልንሠራለት ነበር። ስለዚህ ዳኛነት ዕቁቡ ውስጥ የሚያዝ መረጃ ሆነ፣ ዕቁቡ ዳኛዬ እገሌ ነው ብሎ ይይዛል። ይህን ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ልጆች ሳይቀሩ አዲስ ነገር ነው ብለው ጻፉት።

አንዳንዴ ታሪክ ጣል ያደርጋል። ክላስና ኦብጀክት ኖርዌይ ውስጥ ኦሌ ዮሃን ዳልና ክሪስተን ኒጎር በሠሩት ሲሙላ 67 በተባለ ቋንቋ እንደመጡ፣ እነሱም ሲነሱ የገሃዱን ዓለም ሥራ በኮምፒውተር አስመስሎ ለማየት እንደነበር የነገረን እሱ ነው። 1967 በፈረንጆቹ ነው። ለካ የዕቁቡ ነገር ከዋናው ሐሳብ ብዙም አልራቀም።

እንከኑንም ልናገር፣ አለበለዚያ ዘመዱ ናት ትላላችሁ። ይዘገያል። የቴሌግራም ጥያቄ ላይ የሚመልሰው በረጅሙ የድምጽ መልእክት ነው፣ አንዳንዱን ወጥ እየሠራሁ ነው የምጨርሰው። አሳይመንት ሥራልን ብላችሁ እንዳትሄዱ፤ ኮድ ይዛችሁ ስትመጡ መስመር በመስመር እናንተኑ ያስረዳችኋል፣ ያልገባችሁ መስመር ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ወዲያ አይሄድም። አንዲት የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ በዚህ ተናዳ ወጥታ በሳምንቱ ተመልሳ መጣች፤ አሁን ከፊት ወንበር አትጠፋም። ክፍያው የሚከብድ አይደለም፣ ተማሪ ከሆናችሁ ንገሩት፣ ያስተካክልላችኋል።

ቲቸር፣ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደከመው ሰው ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቅህ ፊትህ የማይቀየር ሰው ነህ፣ እሱ በገንዘብ አይገዛም።

የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ፈንክሽን መጻፍ ካልቻላችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ፤ ከዚያ በታች ላለ ሰው ክፍሉ ይከብደዋል። ላፕቶፓችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፣ ክፍሏ ውስጥ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ብዙ ጊዜ በቲቸር ተይዟል።