ኦፕራሲዮኑ አሪፍ፣ ዋርዱ ግን...

እህቴ እዚህ አዲስ አበባ አንድ የግል ሆስፒታል በኦፕራሲዮን ወለደች፣ ስሙን አልጠራም። ዶክተሩ በጣም ጎበዝ ነው፣ ቁጭ ብሎ ያስረዳል፣ ልጁም እሷም በሰላም ወጡልን፣ በ3ኛው ቀን እልል ብለን ቤት ገባን። በ7ኛው ቀን ትኩሳት ጀመራት፣ ስፌቱ ቀላ አበጠ፣ ስንደውል "ኖርማል ነው ይደርቃል" አሉን፣ በ9ኛው ቀን መግል ሲወጣ ነው ይዘናት የሮጥነው። ስፌቱን ከፈት አድርገው አጸዱት፣ ለካልቸር (የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ለሚለይበት የላብራቶሪ ምርመራ) ናሙና ወሰዱ፣ ከዛ በየቀኑ ድሬሲንግ፣ ማለት ቁስሉን ማጽዳትና መሸፈን። ለዚህም የካርድ እንደ አዲስ አስከፈሉን እኮ!

ወደኋላ ሳስበው ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበር። "ቤት በምላጭ ተላጭታ ትምጣ" ነው የተባልነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ግን ለኦፕራሲዮን በምላጭ መላጨት ጭራሽ አይደረግም፣ ምላጭ በአይን የማይታይ ጭረት ትቶ ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፣ የግድ ከሆነ በማሽን ማሳጠር ነው። አንቲባዮቲኩም ከመቀደዷ በፊት፣ ቢበዛ 2 ሰዓት ሲቀረው መሰጠት ሲገባው የሷ ግን ከኦፕራሲዮን ወጥታ ዋርድ ከገባች በኋላ ነው የተጀመረው፣ ከዛ እስክንወጣ ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ሲወጓት ከረሙ፣ መመሪያው ግን ኦፕራሲዮኑ ካለቀ ለመከላከል ብላችሁ አትቀጥሉ ነው የሚለው። የሳኒታይዘሩ ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ባዶውን። አንዷ ሲስተር በአንድ ጓንት ሶስት አልጋ ስታዳርስ በአይኔ አይቻለሁ።

እውነት ለመናገር እኛም ጨዋ አልነበርንም፣ ስምንት ጠያቂ አልጋዋ ላይ ተኮልኩለን ገንፎ ስንበላ ነበር፣ አክስቴማ "እስቲ ልየው" ብላ ፕላስተሩን ገለጥ አድርጋዋለች። ሃይ ያለን ሰው የለም።

በኋላ ድሬሲንጉን ሰፈራችን ወዳለው ጤና ጣቢያ ቀየርነው። ውሃ በጠፋበት ቀን እንኳን ሲስተሯ ከጀሪካን አስቀድታ እጇን በሳሙና ታጥባ ነው ጓንት የምታደርገው፣ አክስቴንም "እማማ እርስዎ ውጪ ይጠብቁ" ብላ አስወጣቻት ሃሃ። በሶስት ሳምንት ገጠመላት።

ለዶክተሩ 5 ኮከብ፣ ለዋርዱ 1። በኦፕራሲዮን ለመውለድ ያሰባችሁ አንቲባዮቲኩ መቼ እንደሚሰጥ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ቤት ከገባችሁም በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊያመረቅዝ ስለሚችል ትኩሳት ወይ መቅላት ካያችሁ በስልክ "ኖርማል ነው" ሲሏችሁ እሺ ብላችሁ አትቀመጡ፣ ሂዱና ይዩት። የካርዷን ደረሰኝ አልጣልኳትም፣ አስቀምጫታለሁ።