ልጄን በጫካ ለምታውል መምህርት

በፍራንክፈርትና በዊስባደን አካባቢ ለልጃችሁ መዋዕለ ሕፃናት የምትፈልጉ ወላጆች፣ አንዲት መምህርት ላመሰግንና ለእናንተም ልጠቁም ነው። ስሜ በአደባባይ አይጻፍ ስላለች አልጽፈውም፤ ምስጋናዬን ግን ልትከለክለኝ አልቻለችም።

ልጃችን የሚውለው በጫካ መዋዕለ ሕፃናት ነው። ሕንፃ የለውም፤ የእንጨት ምድጃ ያላት አንዲት ሠረገላ ብቻ ከዛፎቹ ሥር ቆማለች። ነገሩ አዲስ አይደለም። እዚሁ ዊስባደን እ.ኤ.አ. በ1968 ተጀምሮ፣ በ1993 ፍሌንስበርግ ላይ የመንግሥት ዕውቅና ካገኘ ወዲህ በመላው ጀርመን ተስፋፍቷል። እናቴ በስልክ ስትሰማ «ይህን ሁሉ ባሕር ተሻግራችሁ ልጁን እረኛ አደረጋችሁት?» አለች። ጥጃ የለውም እንጂ ብዙም አልተሳሳተችም።

የመምህርቷ ትልቁ ችሎታ አለመቸኮሏ ነው። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስደርስ ሦስት ልጆች የወደቀ ግንድ ሊያንከባልሉ ይታገላሉ፤ እርሷ ደግሞ አጠገባቸው ቆማ ታያለች። እኔ ብሆን ሮጬ አግዛቸው ነበር። ገፉ፣ ተጨቃጨቁ፣ አንደኛው ተቀምጦ አለቀሰ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ወፍራም በትር አምጥታ ከግንዱ ሥር አስገባች፤ ሌላው ከበትሩ በታች ድንጋይ አደረገ፤ ተያይዘው ሲጫኑት ግንዱ ተንቀሳቀሰ። ከሥሩ ትልና ጥንዚዛ ሲተራመስ ሁሉም በጉልበታቸው ወደቁ። ያኔ ብቻ አፏን ከፍታ «ብርሃን ሲያገኛቸው ወዴት ሸሹ?» ብላ ጠየቀች። መልሱን አልነገረቻቸውም። ልጆቹ ሲጠግቡ ግን ግንዱን ወደ ቦታው አስመለሰቻቸው፤ የነፍሳቱ ጣሪያ ነውና።

ልጃችን ሲገባ ጀርመንኛ አያውቅም ነበር። ጠዋት ክብ ሠርተው ሲቆጠሩ ተራው ሲደርስ በአማርኛ እንዲቆጥር ጠየቀችው። አሁን ጓደኞቹ ሁሉ እስከ አሥር በአማርኛ ይጮኻሉ፤ እርሱም በጀርመንኛ መመለስ ከጀመረ ቆይቷል።

ስጋታችሁን አውቃለሁ፤ ብርዱ። ከመግባቱ በፊት መምህርቷ አስቀምጣ አስረዳችን፦ ከውስጥ የሱፍ ልብስ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ውኃ የማያስገባ ሱሪና ጃኬት። ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም። ኃይለኛ ነፋስ ከተነገረ ቅርንጫፍ ስለሚወድቅ ጫካ አይገቡም፤ ለዚያ ቀን የተዘጋጀ ክፍል አላቸው። ቢላዋ የሚይዝ ልጅ ተቀምጦ፣ ስለቱን ከራሱ ወደ ውጭ አድርጎ ነው የሚቀርጸው። ከመሬት የተለቀመ ፍሬ ወደ አፍ አይገባም። መዥገርን ግን ማታ ማታ እናንተው መፈለግ አለባችሁ፤ በብብትና ከጆሮ ጀርባ እዩ፣ መዥገር ለሚያስተላልፈው የአንጎል ብግነት ስላለው ክትባትም የሕፃናት ሐኪማችሁን ጠይቁ። ሽንት ቤቱስ ለምትሉኝ፣ እርሱም አለ፤ ልጆቹ ከእኛ በፊት ለመዱት።

ለሁሉም ይመቻል አልልም። ከቀትር በኋላ ቀደም ብለው ስለሚለቁ ሁለታችሁም ሙሉ ቀን የምትሠሩ ከሆነ ይከብዳል። ጭቃው ደግሞ የልብስ ማጠቢያችሁን ይፈትናል። ወጪውን በተመለከተ፣ ፍራንክፈርትና ዊስባደን ባሉበት በሄሰን ክፍለ ግዛት ከኦገስት 2018 ጀምሮ ከሦስት ዓመት እስከ ትምህርት መግቢያ ላሉ ልጆች በቀን ስድስት ሰዓት በአብዛኞቹ ከተሞች በነጻ ነው፤ ምግብ ለብቻው ይከፈላል። የዝናብ ልብሱን አዲስ አትግዙ፤ ልጅ ቶሎ ስለሚያድግ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል።

ቦታው ጥቂት ነው፤ አንድ ቡድን ከሃያ ልጅ አይበልጥም። ስለዚህ ቀድማችሁ ተመዝገቡ፤ ለሙከራ ቀን ልጃችሁን ይዛችሁ እንድትመጡም ጠይቁ። የመምህርቷን አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ፈቅዳልኛለች። ለጉብኝት ስትሄዱ ቦት ጫማ አድርጉ፤ እናንተም ጭምር።